ሰው እየለቀቀው ያለ ገጠር ኢኮኖሚው ከየት ይጀመራል?

የጎጆ መዝገብ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሌላው ሲጽፍ አነባለሁ እንጂ እስካሁን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

በአንድ የገጠር አካባቢ የልማት ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ ታሪኩ የብዙ ቦታ ነው። ወጣቱ ትምህርቱን እንደጨረሰ ይሄዳል። የቀረው ሽማግሌና ሕፃን ነው። ድሮ ተማሪ ተጨናንቆ የሚቀመጥበት ክፍል አሁን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

ኮሚቴው ለሚቀጥለው ስብሰባ እቅድ እንዳቀርብ አዞኛል። እስካሁን የተነሱት ሦስት ሐሳቦች ናቸው፦ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት መፈለግ፣ ቱሪስት መሳብ፣ የሥልጠና ማዕከል መክፈት። ችግሩ ሦስቱም ተሞክረዋል። ባለሀብቱ መሬቱን አጥሮ ጠፋ። ማዕከሉም አለን፤ ሰፊ፣ ቆርቆሮው ያላረጀ፣ ቁልፉ የጠፋበት ሕንጻ።

ስለዚህ ምክር ሳይሆን ማስረጃ ነው የምፈልገው። የት ተሠራ? ለምን ያዘ? የትስ ከሸፈ? ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ አድርጉልኝ።

ጠጠር በጠጠር፦

ወንድሜ፣ አታወሳስበው። መንገድ ነው። ግማሽ ዕድሜዬን መንገድ ሥራ ላይ ነው ያሳለፍኩት። ግሬደር ባለፈበት ቦታ በሁለተኛው ዓመት ቆርቆሮ ቤት ታያለህ። ምርቱ ማሳ ላይ እየበሰበሰ ስለ ኢኮኖሚ ማውራት ጊዜ መግደል ነው። መንገዱን አስገባ፣ ሌላው ተከትሎ ይመጣል።

የጎጆ መዝገብ፦

እህትህ ነኝ :)

መንገዱ አለን። ከገባ አራት ዓመቱ ነው። ልጆቹ የሄዱት በእሱ ነው።

ዝም በል፦

ሃሃሃ፣ መንገዱማ ሥራውን ሠርቷል!

ተመራማሪው ጎረቤት፦

ሳቁ እንዳለ ሆኖ ይህ በደንብ የተጠና ነገር ነው። ሕንድ በ2000 በጀመረችው ፕሮግራም ለብዙ ሺህ መንደሮች የመኪና መንገድ አስገባች። መንገዱ ቅድሚያ የሚሰጠው በሕዝብ ቁጥር ነበር፤ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ያለው መንደር ያገኛል፣ በጥቂት ሰው ያነሰው ይጠብቃል። አሸርና ኖቮሳድ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከዚያ ቁጥር በላይና በታች ያሉትን ጎን ለጎን አድርገው አነጻጸሩ፤ ውጤቱን በ2020 አሳተሙ። ዋናው ለውጥ ሰው ከእርሻ ወጥቶ ሌላ ቦታ ደመወዝ ወዳለው ሥራ መሄዱ ነው። በምርትም፣ በሀብትም፣ በገቢም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም።

መንገድ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ መድረሱ ብቻውን ይበቃል። ግን መንገድ ያመጣልም ይወስዳልም። መንደሩ ውስጥ የሚያቆም ነገር ከሌለ የሚያወጣው ከሚያስገባው ይበልጣል።

ጠጠር በጠጠር፦

ይቅርታ እህቴ። ጥናቱን ግን አልዋጠውም፤ ሕንድ ሕንድ ናት። መብራትስ? አሜሪካ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር እርሻ ዘጠኙ ጨለማ ውስጥ ነበር። የግል ኩባንያዎቹ “ለተበታተነ ቤት ሽቦ አንዘረጋም፣ አያዋጣም” አሉ። መንግሥት ብድር ሲፈቅድ ገበሬዎቹ ራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ምሰሶ ተከሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነገሩ ተገለበጠ፤ ከአሥር ዘጠኙ መብራት ነበረው። መሠረተ ልማት ነው ያነሳቸው!

ተመራማሪው ጎረቤት፦

ያልከው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ቃል ላስምርልህ፦ “ራሳቸው”። የመስመሩ ባለቤቶች እነሱ ነበሩ።

ሂሳብ ነገረኛ፦

እህቴ፣ የኮሚቴሽ ሦስት ሐሳቦች በሽታቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም ከውጭ የሚመጣ ይጠብቃሉ። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነገር የምጀምረው ከወጪ ነው። እንስራው የሚያፈስ ከሆነ ሌላ ምንጭ ፍለጋ ከመሄድሽ በፊት ገልብጠሽ እዪው።

ሃያ ቤት ምረጪ። ደኅና ያለውም፣ የደኸየውም፣ እናት ብቻዋን የምታስተዳድረውም ይግባበት። ለእያንዳንዱ አንድ ደብተር ስጪና ለአንድ ወር የወጣውን ሁሉ ይጻፉ። ማንበብ የማይችል ካለ ልጁ ይጻፍለት። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ለምን ወጣ፣ ለማን ተከፈለ፣ ያ ሰው የት ነው የሚኖረው። ጉዱ ያለው ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው። “እዚሁ” የሚል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሪ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ አንድ ማስረጃ ልስጥሽ። ኬንያ፣ ሲያያ በሚባል አካባቢ፣ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለ ድርጅት ከ10,000 ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሰጠ። ተመራማሪዎች 653 መንደሮችን ተከታትለው ገንዘቡ የት እንደደረሰ አዩ። እያንዳንዱ ዶላር እዚያው አካባቢ ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ እንቅስቃሴ ፈጥሯል። ምንም ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ኑሯቸው ተሻሻለ። ዋጋ ይንራል የሚል ስጋት ነበር፤ የጨመረው 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱም ሱቁ፣ አናጢው፣ ልብስ ሰፊው ከመጀመሪያውም ሥራ ፈተው ነበር። ደንበኛ እንጂ ችሎታ አላጡም። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ነው ከአካባቢው የወጣው። እናንተ ዘንድ ስንት እጅ ይዞራል? እኔ እንደምገምተው አንድም እጅ ሳይዞር መኪና ላይ ይወጣል።

ሌላ ቦታ ደግሞ ይህንኑ ነገር ወረቀት ላይ ለጥፈውታል። ካናዳ ውስጥ ፎጎ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ደሴት አለች። በ1960ዎቹ መንግሥት ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ሊያሰፍር አስቦ ነበር፤ እነሱ እምቢ ብለው የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1992 ደግሞ ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባሕሩ ስላለቀ ማጥመድ ታገደ። በኋላ ዚታ ኮብ የተባለች የደሴቲቱ ልጅ ውጭ ሠርታ ባፈራችው ገንዘብ ሾርፋስት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተች፤ በ2013 ደግሞ ትርፉ ለማኅበረሰቡ የሚመለስ ማረፊያ ተከፈተ። እኔን የገረመኝ ማረፊያው አይደለም፤ የሚለጥፉት ወረቀት ነው። የምግብ ማሸጊያ ላይ ስኳር ይህን ያህል፣ ስብ ይህን ያህል እንደሚባለው፣ እነሱ ደግሞ ከከፈልከው ገንዘብ ለሠራተኛ ይህን ያህል፣ ለዕቃ ይህን ያህል፣ ከዚያ ውስጥ ደሴቷ ላይ የቀረው ይህን ያህል ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ጽፎ የሚለጥፍ ባለሀብት ካገኛችሁ መሬት ስጡት።

የቀድሞ አባል፦

ሀብታም ልጅ ያላት ደሴት። እኛስ?

ሂሳብ ነገረኛ፦

ማረፊያውን ተወው ወንድሜ። ደብተሩ ምንም አያስወጣም።

ጥዋትና ማታ፦

እኔ ስለ አሙል፣ ስለ ሕንዶቹ የወተት ገበሬዎች ማኅበር፣ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ረጅም ነው፤ ታገሡኝ።

ጉጃራት ውስጥ ካይራ የሚባል አውራጃ ነው። በእንግሊዞች ዘመን መጨረሻ የገበሬው ወተት ወደ ቦምቤይ የሚሄደው በአንድ የግል ኩባንያ በኩል ብቻ ነበር። ገበሬው የሚሸጠው ለኩባንያው ደላላ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው፣ ወተትህ ቀጥኗል ብሎ የሚመልሰውም ደላላው። ወተት ደግሞ አያድርም፤ ተከራክረህ ይዘኸው ብትመለስ ይበላሻል። በ1946 ገበሬዎቹ ተሰብስበው ለኩባንያው አንሸጥም አሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ወተት ወደ ቦምቤይ አልሄደም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ማኅበራቸው ተመዘገበ። ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ሰብሳቢ ሆነ። የጀመሩት በሁለት የመንደር ማኅበርና በቀን 247 ሊትር ነው። ልብ በሉ፣ 247 ሊትር!

በ1949 ቨርጊስ ኩሪየን የሚባል ወጣት መሐንዲስ መንግሥት አስተምሮት ስለነበር ግዴታውን ሊወጣ እዚያ ከተማ ተመደበ። ቀኑን እየቆጠረ ነበር፤ ግዴታው ሲያልቅ ሊሄድ ሻንጣውን አሰናዳ። ፓቴል ለመነው፤ ቀረ፤ ዕድሜ ልኩን ቀረ። በ1970 ይህንኑ አሠራር ወደ አገር አቀፍ ፕሮግራም ወሰዱት፤ በ1998 ሕንድ በወተት ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ሁሉ ስለ ፋብሪካው ያወራል፤ የኔ ዓይን ያረፈው ግን መንደር ውስጥ ባለችው መቀበያ ላይ ነው። ንጋት ላይ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሰለፋል። አንድ ሊትር ያመጣችው መበለትና ሃያ ሊትር ያመጣው ባለጸጋ አንድ ሰልፍ ላይ ናቸው። ትልቅ ዘር ነኝ ብሎ የሚቀድም የለም፤ በዚያ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወተቱ ይለካል። ከዚያ በትንሽ ጠርሙስ ናሙና ይወሰዳል፤ ስቡ በመሣሪያ ይመረመራል። በእጅ ነክቶ “ይህ ቀጭን ነው” የሚል ሰው የለም። ቁጥሩ ባለወተቱ እጅ ባለው ደብተር ላይ ይጻፋል፤ የከፈልነው ይህን ያህል ተብሎ ገንዘቡ ሳይውል ሳያድር ይሰጥ ነበር። ማታ ደግሞ እንደገና። ወተቱ ላይ ውኃ የጨመረ ሰው ስቡ ወርዶ ክፍያው ስለሚወርድ የሚቀጣው ራሱን ነው፤ ዘበኛም ስብከትም አላስፈለገም።

እንግዲህ በዓመት 730 ጊዜ እምነት ይፈተናል። 730 ጊዜ በትክክል ሲከፈልህ ማኅበሩ ያንተ ይሆናል። በስብሰባና በመፈክር የመጣ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ገበሬዎቹ አመራሩን ይመርጣሉ፤ ሥራውን የሚያስኬደው ግን የተማረ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ነው። ፓቴል ወተት እንዴት እንደሚደርቅ አውቃለሁ አላለም፤ ኩሪየንም ለገበሬው ልምረጥለት አላለም።

የቀድሞ አባል፦

ጥሩ ጽፈሃል፤ አሁን ደግሞ የኔን ስማ። ማኅበሩን ስም አልጠራም። ለስድስት ዓመት አባል ነበርኩ።

ሚዛኑ ከሰብሳቢው ወንድም ቤት ነበር። ምርቱን በመኸር አስረክበን ክፍያው የሚመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራው ዘር በሚዘራበት ሳምንት ነው፤ ማን ይመጣል? ሪፖርቱ ይነበባል፣ አንባቢው ይፈጥናል፣ እናጨበጭባለን። የትርፍ ክፍፍል የሚባል ነገር በስም ነው የማውቀው።

በመካከል ልጄ ታመመ። ማኅበሩ ጋ ስሄድ “ገንዘብ ያዡ የለም” አሉኝ። ነጋዴው ጋ ሄድኩ፤ ገና ያልታጨደውን ማሳ አይቶ በዚያችው ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። በርካሽ እንደወሰደብኝ አውቃለሁ። እስከዛሬ ግን ሳገኘው ተነሥቼ ነው ሰላም የምለው። እናንተ “ደላላ፣ ደላላ” ትላላችሁ። ነጋዴው ሌሊት በሩን ስታንኳኳ ይከፍታል። ያንን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ሳታቀርቡ እሱን ማባረር አይቻልም፤ ቢቻልም ግፍ ነው።

ጥዋትና ማታ፦

ጋሼ፣ አንድ ቃል የምጨምረው የለኝም። የእርስዎ ማኅበር በአራት ወር፣ የነሱ በዕለቱ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሂሳብ ነገረኛ፦

የቀድሞ አባል የነገሩንን የመሰለ ችግር ጀርመን ውስጥ ከ170 ዓመት በፊት ነበር። ራይፋይዘን የሚባል የገጠር ከንቲባ በ1846ና 47ቱ ረሃብ ገበሬው በአራጣ ሲታነቅ አየ። መጀመሪያ ሀብታሞችን አስተባብሮ እርዳታ አደረገ፤ አልዘለቀም። በ1864 ሄደስዶርፍ በምትባል ቦታ ያቋቋመው ግን ሌላ ነበር፦ አባላቱ ራሳቸው የሚያበድሩት፣ ራሳቸው የሚበደሩት። አንዱ ካልከፈለ ሁሉም በንብረታቸው ይጠየቃሉ። ስለዚህ አካባቢው ጠባብ መሆን ነበረበት፤ የማታውቀው ሰው ዋስ አትሆንማ። ማን ሠራተኛ እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠጣ ሰፈሩ ያውቃል። የብድር መዝገቡ የጎረቤት ዓይን ነበር።

ዝም በል፦

የኛ ሰፈር ዓይን ቢሆን ማንም ብድር አያገኝም።

ተመራማሪው ጎረቤት፦

ብድር ከተነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2015 በስድስት አገሮች የተደረጉ ስድስት የጥቃቅን ብድር ጥናቶች በአንድ ላይ ታትመው ነበር። ብድሩ ሰው በገንዘቡ አጠቃቀም የበለጠ ነጻነት እንዲኖረው ረድቷል፤ የተበዳሪውን አማካይ ገቢ ግን ያን ያህል አልለወጠም። አምስተኛ ሱቅ አራት ሱቅ ባለበት መንደር መክፈት ደንበኛ መከፋፈል ነው። ስለዚህ እቅድሽ ውስጥ “ለወጣቱ ብድር እናመቻቻለን” ብለሽ አንድ መስመር ጽፈሽ እንዳታልፊ።

ዳማከሴ፦

እኔ ደግሞ አንድ የምወደው ታሪክ አለኝ። ጃፓን፣ ካሚካትሱ። ተራራ ላይ ያለች፣ ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ አዛውንት የሆኑባት ትንሽ ቦታ። በ1981 ከባድ ብርድ መታና የብርቱካን ዘመድ የሆኑት ዛፎቿ ደረቁ፤ መተዳደሪያዋ እሱ ነበር። ዮኮይሺ ቶሞጂ የሚባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ነበር። አንድ ቀን ከተማ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሴቶች ሳህን ላይ ለጌጥ የተቀመጠ ቀይ ቅጠል አይተው ሲደሰቱ፣ በመሐረብ ጠቅልለው ሲወስዱ ተመለከተ። ቅጠል! የሱ ተራራ ሙሉውን ቅጠል ነው።

መንደር ተመልሶ ሲናገር ሳቁበት። በ1986 አራት ሴቶች ብቻ ተከተሉት። መጀመሪያ ከሸፈ። ለቅመው የላኩት ቅጠል አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ወቅቱን ያልጠበቀ፣ ሼፎቹ ምን እንደሚያደርጉበት ያልገባው ነበር። ቶሞጂ በራሱ ደመወዝ ውድ ምግብ ቤቶች እየዞረ በላ፤ ሳህኑ ስንት እንደሚሰፋ፣ ቅጠሉ የትኛው ጥግ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ወቅቱ ከመግባቱ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚፈለግ አጠና። ከዚያ በኋላ ነው የያዘው። ዛሬ አያቶቹ ጠዋት ተነሥተው በኮምፒውተር ትእዛዝ ያያሉ፣ ማን ስንት እንደሸጠም ያያሉ። በሰማንያ ዓመታቸው ይወዳደራሉ!

ሰው ሁሉ “አያችሁ፣ ቅጠል እንኳን ይሸጣል” ብሎ ይጨርሰዋል። ለኔ ግን ቁም ነገሩ ቅጠሉ ሳይሆን ሰውዬው በራሱ ደመወዝ እየከፈለ ገዢው ወንበር ላይ መቀመጡ ነው። ኮሚቴሽ ውስጥ ምርታችሁን የሚገዛው ሰው ቤት ሄዶ የሚያውቅ አለ?

የጎጆ መዝገብ፦

የለም። እኔም አላውቅም።

ጠጠር በጠጠር፦

እሺ፣ እኔም ልመለስ፤ በሲሚንቶ ነው የምመለሰው፣ ሳቁ። ደቡብ ኮሪያ በ1970 ሲሚንቶ ተመርቶ ገዢ አጣ። መንግሥት ወደ 33,000 ለሚጠጉ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሰጠ፤ አንድ ግዴታ ብቻ፦ ለጋራ ሥራ ይዋል። በዓመቱ ሲታይ ግማሽ ያህሉ መንደር ድልድይ፣ ጉድጓድ፣ የጋራ ማጠቢያ ሠርቷል፤ ግማሹ አባክኖታል። በሁለተኛው ዙር ለሠሩት ብቻ 500 ከረጢትና አንድ ቶን ብረት ተጨመረ። ያልሠሩት ምንም። ቀጥሎ ያልሠሩት መንደሮች በቅናት ተነሡ። ለሁሉም እኩል ማከፋፈል ፍትሕ ይመስላል እንጂ ሠሪውን ይገድላል፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

ተመራማሪው ጎረቤት፦

ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሁለት ነገር ግን አትርሳ። አንደኛ፣ ዘመኑ የፓርክ ቹንግ ሂ አምባገነን አገዛዝ ነበር፤ የሣር ጣሪያህን አፍርስ ተብሎ የተገደደም አለ። ሁለተኛ፣ መንደሮቹ አማረባቸው፣ ወጣቱ ግን ወደ ከተማ መሄዱን አላቆመም። “ወጣቱ እንዳይሄድ” የሚል ግብ እቅድ ውስጥ ባታስገቡ ይሻላል። የቀረው ሰው ደኅና ይኑር፣ የሄደውም ሊመለስ ሲፈልግ የሚይዘው ነገር ይጠብቀው። ከዚያ በላይ የተሳካለት አላውቅም።

ወንዝ ዳር፦

መሬቱ ራሱ ከሞተስ? ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያኩባ ሳዋዶጎ በ1980ዎቹ ድርቅ ሰው ሲሰደድ እሱ ቀርቶ በደረቁ መሬት ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ እየማሰ ፍግ ሞላበት። ምስጥ ገብቶ አፈሩን በሳው፣ ውኃ ያዘ፣ እህልም ዛፍም በቀለ። ጎረቤት እብድ ነው ብሎት ነበር። በ2018 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኘ። አፈራችሁን ሳታዩ ስለ ገበያ አታውሩ፤ በቃኝ።

የጎጆ መዝገብ፦

ሰላም፣ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተመልሻለሁ። ይቅርታ፣ ደብተሩን እየጠበቅኩ ነበር።

ሃያ ደብተር ሰጥቼ አሥራ አራት ተመለሰልኝ። አንዱን ፍየል በልቶታል (እውነቴን ነው)። ከመሰብሰቤ በፊት ትልቁ ወጪ ልብስና ስልክ ነው ብዬ ብወራረድ እወራረድ ነበር። አይደለም። አንድ እናት ደብተር ላይ፣ በልጇ ጽሑፍ፣ “እህል ተገዛ፣ ለነጋዴው፣ ከተማ” የሚል በአንድ ወር አራት ጊዜ ተጽፏል። ልጁን “ይህ ከየት የመጣ እህል ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። “የኛው ነው” አለኝ። እንዴት አልኩት። በመኸር የሸጡት እህል ነው፤ ያው ነጋዴ መጋዘን ገብቶ ቆይቶ፣ ዋጋው ወጥቶ፣ ያው መኪና ላይ ተጭኖ ተመለሰ። ሌሎቹን ደብተሮች ገለጥኩ። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ላይ አለ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ስንት ዓመት ፋብሪካ ስንለምን የራሳችንን እህል መልሰን ስንገዛ ኖረናል።

ተመራማሪው ጎረቤት፦

ይህ ስም አለው፤ በርካሽ ሽጦ በውድ መግዛት። ኬንያ ውስጥ ቡርክ፣ በርግኩዊስትና ሚጌል በ2019 ያሳተሙት ጥናት በትክክል ይህ ነው። ገበሬው በመኸር የሚሸጠው ስንፍና ይዞት ሳይሆን የትምህርት ቤት ክፍያና ዕዳ በዚያው ሳምንት ስለሚደርስበት ነው። በመኸር ጊዜ ትንሽ ብድር ሲሰጣቸው እህላቸውን አቆይተው ሸጡ፤ በብድሩ ላይ ያገኙት ትርፍ ወደ 29 በመቶ ነበር። ብድር ላይ ያልኩትን አልሻርኩም። ያኛው ሱቅ እንዲከፍቱ ነው፤ ይህኛው እጃቸው ላይ ያለውን እንዳይለቁ።

የቀድሞ አባል፦

ነጋዴው ሌሊት የሚከፍተው በር ይኸው ነው እንግዲህ። ያልኩት ይህንን ነው።

ወንዝ ዳር፦

ነቀዝስ? አቆይቶ ለነቀዝ ሊያበላ ነው?

ዳማከሴ፦

ሦስት ድርብ ያለው ከረጢት አለ፤ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ካሜሩን ውስጥ የጀመረው። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጩ የተለመደው ጆንያ። ሲሞላ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ይወጣል፤ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በጠንካራ ገመድ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። መድኃኒት አይነካውም። ዋናው እህሉ በደንብ መድረቁ ነው፤ እርጥብ ከገባ ሻጋታው ከነቀዙ ይብሳል። ፕላስቲኩን ደግሞ አይጥ እንዳይበሳው።

ሂሳብ ነገረኛ፦

መጋዘንስ አላችሁ?

የጎጆ መዝገብ፦

መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ሕንጻ! ቆርቆሮው ያላረጀ። ሥልጠና ያልተሰጠበት።

የቀድሞ አባል፦

ቁልፉን ማን ሊይዝ ነው? ከአሁኑ እንነጋገር። የኛን ሚዛን አስታውሳችሁ።

ጥዋትና ማታ፦

ጋሼ፣ ኒጀር ውስጥ ይህንን ፈትተውታል። ዋራንታጅ ይሉታል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው የተስፋፋው። ገበሬዎቹ እህላቸውን አንድ መጋዘን ያስገባሉ፣ አበዳሪው ድርጅት እህሉን መያዣ አድርጎ ያበድራቸዋል። በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አለ። የአንዱ ቁልፍ በገበሬዎቹ ማኅበር፣ የሌላው በአበዳሪው እጅ። አንዱ ብቻውን መክፈት አይችልም። ዋጋ ሲወጣ ይሸጣሉ፣ ዕዳቸውን ይከፍላሉ፣ የተረፈው የነሱ ነው። በዚያ ብድር ደግሞ በበጋ አትክልት የሚያለማ፣ ከብት የሚያደልብ አለ።

የቀድሞ አባል፦

ሁለት ጓጉንቸር። ይህንን ወድጄዋለሁ። እኔ ብሆን ሦስተኛ እጨምርና ቁልፉን ደብተር ለጻፈላት ልጅ እናት እሰጣለሁ። ሚዛኑም ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ይሁን። የማንም ወንድም ቤት አይግባ።

ጠጠር በጠጠር፦

ወለሉን ሲሚንቶ አድርጉት፣ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከረጢቱ ከግድግዳ ይራቅ። እርጥበት ከታች ነው የሚመጣው። መንገዱም አሁን ሥራ አገኘ፤ ዋጋ ሲወጣ በምን ልትጭኑት ነበር?

የጎጆ መዝገብ፦

ኮሚቴው ትናንት ተስማማ። ሁለቱ አሁንም ባለሀብቱን ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ይፈልጉ። ለመጀመሪያው ዓመት ደብተር የጻፉት አሥራ አራት ቤቶች ብቻ ይገባሉ፤ ትንሽ ቢሆን ይሻላል ብለናል። በመኸር ብድር የሚሰጠን ግን ገና አላገኘንም፤ አንድ ቦታ ጠይቀን “ቡድኑ ትንሽ ነው” ተባልን።

የሕንጻውን ቁልፍ ሦስት ቀን ፈለግነው፤ የለም። በሩን ለማስከፈት ቁልፍ ሠሪ ከከተማ ነው የሚመጣው። ሂሳብ ነገረኛ፣ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጽፌዋለሁ።